ዶሮ በላት የተባለችው ክሊቪያ

ድርቤ፣

የአርጆው መኪና ጡሩምባውን እየነፋ ስለሆነ በጥድፊያ ነው የምጽፍልሽ።

ክሊቪያ አበባዬን ፀሐይ ላይ እንዳታወጪብኝ፣ ቅጠሏ ይቃጠላል። ውሃ የምታጠጫት አፈሩ ሲደርቅ ብቻ ነው። መሐሏ ላይ አታፍስሺባት፣ ትበሰብሳለች። ከጣሳዋም አታዛውሪያት፤ ሥሯ ሲጣበብ ነው የምታብበው።

አበባዋን ዶሮ በላው አልሽኝ። እሺ። ዘንጉን ግን አይቼዋለሁ፣ በምላጭ ነው የተቆረጠው። ዶሮ ምላጭ ከየት አመጣች?

ቅዳሜ ገበያ ላይ ጃራን አገኘሁት። ያቺን ብርቱካንማ አበባዬን ኮቱ ላይ ሰክቷታል። «ማን ሰጠህ?» ስለው ሳቀና «ድርቤ ደህና ናት?» አለኝ።

እዚህ ቤት በመጣ ቁጥር «ኦቦሌሳ ኮ፣ ወንድሜ» ስትይው፣ እኔ የጎጃሟ ሞኝ የእናትሽ ልጅ መስሎኝ ነበር። እናንተ ዘንድ የተወደደ ሁሉ ወንድም እንደሚባል ማን ነገረኝ? እንደ ልባችሁ ተጫወቱ ብዬም ጓዳ እገባላችሁ ነበር።

ተሳስቼ ከሆነ ይቅር በይኝ።

ለወንድምሽ ብዬ የጀመርኩት ሹራብ ሣጥኑ ውስጥ አለ። የቀረው እጅጌው ብቻ ነው። አንቺው ጨርሺው፣ የክንዱን ልክ ታውቂዋለሽ።

ተናኜ