«ቀስ በሉ» ይባሉ የነበሩት የቤተ ሙከራ ባለሙያ የሕይወት ታሪክ

በሥራ ባልደረቦቻቸው ዘንድ «ቀስ በሉ» ተብለው የሚታወቁት የልጅ ልጄ፣ ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ ነርስ እናታቸው በጥቅምት ወር 1977 ዓ.ም. ከስፌት ሱቁ በላይ ባለችው አንድ ክፍል ቤት ተወለዱ። ገና ጡት ሳይጥሉ እናታቸው ስላረፉ፣ ያደጉት በእኔ በአያታቸው እጅ ነው። ለወግ ያህል አንቱ እያልኩ እጽፋለሁ እንጂ አፌ አልለመደውም፤ ሰሚ ይታገሰኝ።

የዚያ ቤት ደረጃ ቀጥ ያለ፣ መደገፊያውም የተነቀለ ነበር። ስለዚህ ልጅነታቸው በሙሉ «ቀስ በይ፣ ትወድቂያለሽ!» ሲባሉ አለፈ። የሰፈር ልጆች «አያትሽ ቀስ ብለሽ ተንፍሺም ሳትልሽ አትቀርም» እያሉ ያሾፉባቸው ነበር። እርሳቸው ግን በደረጃውም በፈተናውም አንድ ቀን አልወደቁም።

በ1999 ዓ.ም. በባዮሎጂ ዲግሪያቸውን ተቀብለው በአንድ የምርምር ቤተ ሙከራ ተቀጠሩ። በ2004 ዓ.ም. የአውቶቡስ ሹፌር ከሆኑት ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው አንዲት ሴት ልጅ አፍርተዋል።

ሥራቸውን ለማታውቁ ልንገራችሁ። በሽታ ሰውነታችን ውስጥ ሲገባ ሕዋሶቻችን እርስ በርስ «ድረሱ!» የሚባባሉበት ፕሮቲን አለ። ያንኑ የሰው ፕሮቲን ባክቴሪያ እንዲሠራው ይደረግና፣ ደርቆ በትንሽ ብልቃጥ ለምርምር ይመጣል። እርሳቸው በፈሳሽ ያሟሙትና ጥቂት ጥቂቱን በየቱቦው አካፍለው ፍሪዘር ውስጥ ያስቀምጡታል። ደጋግሞ ከቀለጠ ኃይሉን ያጣልና፣ አንዱ ቱቦ የሚከፈተው አንዴ ብቻ ነው። ከተናወጠም አረፋ ይዞ ይበላሻል። አንድ ቀን ብልቃጡን ቢያሳዩኝ ምንም ስላልታየኝ «ልጄ፣ ባዶ ጠርሙስ ነው እንዴ ጠብቂ ያሉሽ?» ብዬ አስቄያቸዋለሁ። አዲስ ሠራተኛ ቱቦ ሲነቀንቅ ሲያዩ «ኧረ ቀስ በሉ!» ይላሉ፤ ቅጽል ስሙም ከዚያ መጣ። የክፍሉ ኃላፊ «በእሷ እጅ ፕሮቲኑም እንቅልፍ ይወስደዋል» ይሉ ነበር።

የሚቆጨን ግን ይህ ነው፤ ያንን ቀስታ ለሕመማቸውም አዋሉት። ጎናቸውን ሲያማቸው፣ ቀሚሳቸው ሲሰፋቸው፣ ባለቤታቸው «ዛሬውኑ ሐኪም ቤት!» ሲሏቸው፣ «ይህ ሙከራ ይጠናቀቅና ቀስ ብዬ እሄዳለሁ» አሉ። ያ ሲያልቅ ሌላ ሙከራ ተተካ። በመጨረሻ ሲመረመሩ የኩላሊት ካንሰር ሆኖ ተገኘ፤ ወደ ሌላ አካላቸውም አልፎ ነበር። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ ለካ በሽታም ይሄዳል።

አልጋ ላይ ሳሉ «ከዚያ ‹ድረሱ› ባይ ፕሮቲን ትንሽ አስመጪና እንሞክረው» ብዬ ለመንኳቸው።

«እማዬ፣ ላዩ ላይ ለምርምር ብቻ፣ ለሰው አይሰጥም ይላል እኮ» አሉኝ።

«ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን የደከምሽው ለማን ነው?»

«ለሚደርስለት ሰው። መድኃኒትም እንደ ልጅ ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው።»

የእኔው ቃል በእኔው ላይ ዞረ።

በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም. በአርባ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ባለቤታቸው፣ የአሥራ አንድ ዓመት ልጃቸው፣ አባታቸውና እኔ፣ ቀድሜ መሄድ የነበረብኝ፣ ቀርተናል። ባካፈሏቸው ቱቦዎች ባልደረቦቻቸው ሥራቸውን እንደሚቀጥሉ ነግረውናል። እነሱም ሕመም ሲሰማቸው ሙከራ ይጠናቀቅ እንዳይሉ በእናትነቴ አደራ እላለሁ።

ልጄ፣ ፈጣሪ ነፍስሽን ምንም በማይነቀንቀው ስፍራ ያሳርፍልኝ። ሳጥኑን የያዛችሁ ልጆቼም፣ ስታወርዷት እባካችሁ ቀስ በሉ።