ሴል ለሴል፣ ትከሻ ለትከሻ

ሀብቴ ወንድሜ፣

እዚህ ሳውዲ፣ አቡ ዓሪሽ የገባሁ ቀን እህቴን ሐያትን እንደ ወሎ ልማዳችን ለሰላምታ በትከሻዬ ገጨት ሳደርጋት «ያ አላህ፣ ቀስ!» ብላ ጮኸች። ለካ የገዛ ሰውነቷ መከላከያ ሴሎች መገጣጠሚያዋን እየወጉ ነው የሚያሳምሟት።

ዛሬ ክሊኒክ አብሬያት ሄድኩ። ሐኪሙ በስልኩ ፊልም ከፈተልን፤ አንዷ ሴል ሌላዋ ላይ ተለጥፋ ቀረች። «ይጣላሉ እንዴ?» አልኩ። ሐያት ጠየቀችልኝና ሐኪሙ በዐረብኛ የመለሰላትን ነገረችኝ፦ በስስ ሽፋናቸው ተነካክተው ወገንና ባዳ ይለያሉ፤ ወገንን ያልፋሉ፣ ባዳን ይወጋሉ። የእሷ ሴሎች ግን ወገን መለየት አቅቷቸው ነው የከረሙት። እኛስ አገር ሰው ሳይነካካ፣ የከብቱን ደህንነት እንኳ ሳይጠያየቅ መች ይተዋወቃል?

«የምትወስደው መድኃኒት አደብ እያስያዛቸው ነው» አለን ሐኪሙ። እኔ እንኳ አላመንኩም ነበር። ከበሩ ስንወጣ ግን ሐያት «ያላ፣ ና ወዲህ!» አለችና ራሷ በትከሻዋ ገጨችኝ። ደገመችኝ። ሳቀች።

ፖስት ካርዱ ሞላብኝ። ልጆችህን ሳምልኝ። እናቴን ግን «ደህና ናት» ብለህ በአፍ ብቻ እንዳታልፋት፤ ቤት ድረስ ሂድና ትከሻዋን ገጨት አድርገህ «ይቺ የሐያት ናት» በላት።

ሙሀዲን