ሞራ የጠጣችው ጠመንጃዬ

ለእህቴ ለገነት፣

ከራስ ጠጉርሽ እስከ እግር ጥፍርሽ እንደምን አለሽልኝ? ያ ወገብሽ እንዴት አደረ፣ ጠበሉ ረዳሽ ወይስ እንዲያው ተመላለስሽ? ባልሽ አሳምነው ሳሉ ለቀቀው? ልጆቹስ? ጥቁሯ ላም ወለደች ወይ? እኔ ደኅና ነኝ። ጉልበቴን ብርድ ይቆረጥመኛል እንጂ ሌላው አካሌ አልከዳኝም። ጽሕፈቴ ቢንጋደድ አትሳቂ፤ ከመምሬ ዘንድ ፊደል ቆጥሬ ዳዊት ሳልደግም እንደወጣሁ ታውቂያለሽ። ዮሐና "አባዬ፣ እኔ ልጻፍልህ" አለችኝ፤ እንቢ አልኳት። በስልክም ያልነገርኩሽ እሷ ጆሮዋን ስለምትጥል ነው። ደረሰ የሚባል የሰፈራችን ሰው ወደ አገር ስለሚገባ በእሱ እጅ ልኬልሻለሁ።

ባለፈው "ከኤዶሳ ጋር ታረቅ" ብለሽ የመከርሽኝን አልረሳሁም። ኤዶሳ የልጄ የዮሐና ባል የሆነው የናፍያድ አባት ነው። ከወለጋ ከመጣ ዓመት ቢሆነው ነው፤ ፍሮግታውን በሚባል ሰፈር ከሴት ልጁ ጋር ይኖራል። እኛ አልተጣላንም፣ ገነት። ቀንቼ ነው። በዚህ ዕድሜ ቅናት ያሳፍራል ትይኝ ይሆናል፤ ቢያሳፍርም አለ።

ወንድ ልጅ እንዳልሰጠን ታውቂያለሽ። ባለቤቴ ባየሽ ካረፈች ወዲህ ልጅ የሆነኝ ናፍያድ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ "ጋሼ፣ ይነሱ እንሂድ" ይለኝና ሸክላ ወደሚተኮስበት ሜዳ ድራይቭ አድርጎ ይወስደኛል። አዎ፣ ሸክላ። ማሽኑ ትንሽ የሸክላ ሳህን ወደ ሰማይ ይወረውራል፣ ሰው ተኩሶ ያደቀዋል። ለወፍ አደን እጅ ማፍታቻ ነው። ጠመንጃዬን ፓርኪንግ ስጠብቅ ባጠራቀምኩት ነው የገዛኋት። ሁለት አፈሙዝ አላት፤ ጎን ለጎን አይደሉም፣ አንዱ በአንዱ ላይ ተጭኗል። ከወገቧ ታጠፍ ብላ ትከፈትና ሁለት ጥይት ትጎርሳለች። የምትቀመጥበትን ሣጥን ቁልፍ ከማተቤ ጋር ባንገቴ አስሬዋለሁ።

ኤዶሳ ከመጣ ወዲህ ቅዳሜዬ ተበላሸ። ገቢና እቀመጥ የነበርኩት ሰውዬ ጠመንጃዬን ታቅፌ ወደ ኋላ ወንበር ወረድኩ። ከፊት አባትና ልጅ በኦሮምኛ ይሳሳቃሉ፤ እኔ የሚገባኝ ግማሹ ነው። ሜዳው ላይ ደግሞ ኤዶሳ ናፍያድ ከሥራ ባልደረባው በተዋሰለት አንድ አፍ ባላት አሮጌ ጠመንጃ ሸክላውን አቧራ ያደርገዋል። አንድ ቀን ናፍያድ "ጋሼ፣ የእርስዎን አንዴ ለአባቴ ይስጡት" ቢለኝ፣ "ሚስትና ጠመንጃ አይዋሱም" አልኩት። ኤዶሳ ሰምቶ "ሚስትም የለችው፣ ጠመንጃዋን ተዉለት" አለ። ሁሉም ሳቁ፣ እኔም ሳቅሁ። ቤት ገብቼ ግን እራት አልበላሁም።

የነቢያት ጾም ሳይገባ ለወፍ አደን እንወጣለን ተባለ። ናፍያድ ለጠመንጃዬ ቀጭን ዘይት ገዝቶ፣ "ጠብታ ይበቃታል" ብሎ ሰጠኝ። አባታችን ውጅግራውን በምን ይቀባ ነበር? በሞራ አይደለም? እኔ የአባቴን ወግ ትቼ በጠብታ ልቀባ? ከሥጋ ቤት የበግ ሞራ አምጥቼ አቀለጥኩና ማጠፊያዋን፣ ቃታዎቿን፣ የጥይቱን ቂጥ የሚመታው መርፌ የሚወጣበትን ቀዳዳ ሳይቀር አጠጣኋት። ዮሐና ቤቱ ሸተተ ብላ በእንግሊዝኛ አጉረመረመች። ጠመንጃዋ ግን እንደ ሙሽራ አበራች። ኤዶሳ ይያት አልኩ በልቤ።

ቅዳሜ ማለዳ ፕሊማውዝን አልፈን ወደ ምዕራብ ብዙ ተጓዝን። ሌላ አዳኝ በስሕተት እንዳይመታን ብርቱካንማ ሰደርያ ለብሰን የደረቀ ሣር ውስጥ ገባን። ትንፋሽ ጢም ላይ የሚረጋበት ብርድ ነበር። የዚህ አገር ወፍ ፌዘንት ይሉታል፤ ቆቃችንን ይመስላል፣ ጅራቱ ግን ክንድ ያህላል። አንዱ ከእግሬ ሥር ፍር ብሎ ተነሣ። የኔ ነበር፤ የኔ መሆኑን ሁሉም አይቷል። ቃታ ሳብኩ። ቀጭ አለች እንጂ አልጮኸችም። ሁለተኛውን ቃታ ሳብኩ፣ እሱም ከሸፈ። ወፉ ሊያመልጥ ሲል ከጎኔ የኤዶሳ አሮጌ ጮኸች፤ ወፉ ወደቀ። ናፍያድ "አባኮ" እያለ ሮጠ፤ በነሱ ቋንቋ አባቴ ማለት ነው። እኔን ጋሼ እንጂ አባቴ ብሎኝ አያውቅም። የዚያን ጊዜ የወጋኝ ብርዱ አልነበረም፣ ገነት።

ልጁ ወፉን ሣር ውስጥ ሲፈልግ ኤዶሳ መጣና ጎንበስ ብሎ ጠመንጃዬን አሸተታት። "ሞራ ነው?" አለኝ በቀስታ። ጠመንጃዋን ወደኔ ሳብኳት። "የኔም አባት በሞራ ነበር የሚቀባው። ይኸ ብርድ ግን ሞራን ድንጋይ ያደርገዋል፤ መርፌዋን አስሯት ነው" አለ። ናፍያድ ወፉን አንጠልጥሎ ተመልሶ "ጋሼ፣ ምን ሆነችብዎ?" ሲለኝ ኤዶሳ ቀደመኝና "ጥይቱ እርጥብ ነው" አለው። ወፉ ነፍሱ አልወጣችም ነበርና ቢላውን አውጥቶ ለኔ ሰጠኝ፤ "ታላቅ አንተ ነህ፣ ባርክ" አለ። ባረክሁ። ስንመለስም እግሬን ልዘርጋ ብሎ ከኋላ ገባ፤ ገቢናው ለኔ ቀረ።

ደስ ያለኝ መሰለሽ? ቢያሾፍብኝ ይሻለኝ ነበር። በተኩሱ ቀናሁ፣ በልጁ ቀናሁ፣ አሁን ደግሞ በደግነቱ ልቅና? ሰው በስንቱ ይቀናል? ወፉን ዮሐና በቀይ ወጥ ሠራችው። ጣፍጦኝ ነበር፤ ግን ጣፈጠኝ አላልኩም።

ናፍያድ ሥራ እስኪሄድ ጠብቄ ሞራውን በጨርቅ ጠረግሁ፤ በክብሪት እንጨት ከየቀዳዳው ቆፍሬ አወጣሁ፤ ያን ቀጭን ዘይት ጠብ አደረግሁላት። በማግሥቱ ኤዶሳ ዘንድ ደወልኩና "ለቅዳሜው ሸክላ በኔ ጠመንጃ ትተኩሳለህ" አልኩት። እሱም "ሚስትና ጠመንጃ..." ብሎ ሲጀምር "ሚስቴማ ሞታለች" ብዬ ስልኩን ዘጋሁበት።

እንግዲህ ታረቁ ብለሽ እልል እንዳትዪ። ቢስት ደስ ይለኛል። ቢመታም የመታችው የኔ ጠመንጃ ናት። ገቢናውን ግን አልለቅም።

አሳምነውን ሳሉን በማር ያክም በይልኝ። ልጆቹን፣ ፋዮንና ኖህን፣ ጉንጫቸውን ሳሚልኝ፤ ኖህ ትምህርቱን እንዳይተው። ጎረቤታችሁን እማማ ዘውዴን እግራቸውን ስሜያለሁ በያቸው። የሞራውን ነገር ለማንም አታውሪ፣ ለአሳምነውም ቢሆን።

ወንድምሽ ኃይለማርያም
ሮዝቪል፣ ሚኒሶታ
ኅዳር 18 ቀን 2011 ዓ.ም.