ማን እንደነገራቸው ያልተናገሩት እህታችን

ታላቅ እህታችን ከአናጺው አባታችንና ከልብስ ሰፊዋ እናታችን በ1957 ዓ.ም. ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለችው አንድ ክፍል ቤት ተወለዱ። ለቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ነበሩ። አዋላጇ “ሴት ናት” ሲሏቸው አባታችን “ታዲያ መዶሻ አትይዝም ያለው ማነው?” አሉ ይባላል።

ትምህርት ቤት ገብተው ጥያቄ ስላበዙ መምህራቸው “መርማሪዋ” አሏቸው፤ በዚያው ጸና። ዩኒቨርሲቲ ገብተው የኅብረተሰብ ጥናት ተማሩና በ1981 ዓ.ም. ተመረቁ። በአንድ የጥናት ተቋም ሲቀጠሩ እናታችን ሥራሽ ምንድን ነው አሏቸው። “ሠራተኛ ምን እንደሚደርስበት ጠይቆ መጻፍ” ቢሏቸው፣ “ለዚህም ደመወዝ አለው?” ብለው እስከ ዕለተ ሞታቸው ሳያምኑ ቀሩ። በ1984 ዓ.ም. ከመምህሩ ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ልጆች አፈሩ።

ለባሕር ማዶ ሱቆች ሸሚዝ የሚሰፋው ፋብሪካ በከተማችን ዳር ሲከፈት ጥናታቸውን ወደዚያ አዞሩ። በመጀመሪያው ጽሑፋቸው ስም አልጠሩም፤ ግን “በግራ እጇ ቁልፍ የምትሰፋ ነፍሰ ጡር” ብለው ጻፉ። በዚያ ሁሉ ማሽን መካከል በግራ እጇ የምትሠራ አንዲት ብቻ ነበረች። ወዲያው ተባረረች። እህታችን ልጅቱን ቤታቸው አስገቧት፤ የወለደቻትንም ሕፃን እንደ ልጃቸው አሳደጉ። “ምላስ አጥንት የለውም፣ አጥንት ግን ይሰብራል፤ የእኔም ብዕር እንደዚያው ነው” ይሉ ነበር።

ከዚያ በኋላ ፋብሪካ ውስጥ ማንንም አልጠየቁም። ሠራተኞቹ ልብስ የሚያጥቡበት ግቢ ሄደው፣ ቧንቧው ሥር ከጎናቸው ተቀምጠው፣ አብረው እያጠቡ ይሰሙ ነበር። ፊት ለፊት አይቀመጡም፣ አይጽፉም፣ ድምፅ አይቀዱም። እጅ ሲሠራ አፍ ይፈታል ባይ ነበሩ።

በ2007 ዓ.ም. የሰሙትን አወጡት። ፋብሪካው ሴት ሲቀጥር “ጨዋ ናት ወይ?” የሚለው ለምን እንደሆነ ጻፉ። አለቃ ወገቧን ሲነካት ዝም ያለች ጨዋ ተባለች፤ የጮኸች ባለጌ ተብላ ወጣች። ሸሚዙ ግን ባሕር ማዶ ሲደርስ “በሴቶች ክብር የተሠራ” የሚል ምልክት አንገቱ ላይ ስላለበት በውድ ይሸጣል። ያንን ምልክት የሚሰፉትም እነዚያው ሴቶች ናቸው።

ሸሚዙን የሚገዙት የባሕር ማዶ ሱቆች ፋብሪካውን ጠየቁ፤ ፋብሪካው ተቋሙን አስጨነቀ። የተቋሙ ኃላፊ “የነገሩሽን ሴቶች ስም አምጪ፣ ያለዚያ ጥናቱ ውሸት ነው ብለን እናወጣለን” አሏቸው። እህታችን “እንግዲያው ውሸታም በሉኝ” አሉ። አሏቸውም፤ በጋዜጣ አሏቸው። ከሥራ ወጡ፤ የጎረቤት ልጆችን እያስጠኑ ኖሩ። ለሴቶቹ “መንገድ ላይ ስታገኙኝ እንዳትስሙኝ” ብለው ስለነበር፣ የሚወዷቸው ሁሉ ዐይናቸውን ሰብረው ያልፏቸው ነበር። ይህ ከሥራ ከመባረራቸው ይልቅ እንደጎዳቸው ቤተሰቡ ያውቃል።

በጉበት ሕመም ሆስፒታል ሲተኙ የፋብሪካው የሠራተኛ አስተዳደር ሹም አበባ ይዘው መጥተው “አሁን እንኳ ያወሩልዎት ሴቶች እነማን እንደሆኑ ቢነግሩን” አሏቸው። እህታችን “ቧንቧው ሥር ሄደህ ልብስህን እጠብ፤ ራሳቸው ይነግሩሃል” ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። የካቲት 9 ቀን 2015 ዓ.ም. ምስጢራቸውን እንደያዙ አረፉ።

ባለቤታቸው፣ ሁለቱ ልጆቻቸው፣ ያሳደጓት ልጅና እናቷ፣ ታናሽ እህታቸው እኔም አለን። ሌሎችም አሉ፤ እነሱ ራሳቸውን ያውቃሉ።

ሹሙ “ልናጽናናችሁ እንመጣለን” ብለው ልከውብናል። ይምጡ፤ የለቅሶ ቤት በር አይዘጋም። ማን መጣች፣ ማን አምርራ አለቀሰች ብለው ሊለቅሙ ከሆነ ግን ዐይናቸው ይደክማል። የቤተሰባችን፣ የሠፈራችን፣ እንዲሁ በመንገድ ስታልፉ የገባችሁ ሴቶች ሁሉ፦ ሻሻችሁን ወደ ፊታችሁ ሳብ አድርጋችሁ፣ ተጠጋግታችሁ፣ ሁላችሁም “እህቴ” እያላችሁ አልቅሱ። አንዷ ከሌላዋ አትለይ። ዛሬ አንዳችንም ጨዋ አንሆንም።

ፈጣሪ እህታችንን ፊት ለፊት አቁሞ ስም አይጠይቃቸው፤ ከጎኑ ያስቀምጣቸው።