ድንቡሼ፣ ግቢ

ማክሰኞ፣ የካቲት 9

ለድንቡሼ እናት፣

እንዴት ነሽልኝ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኛ ደህና ነን። ልጅሽ የፊት ጥርሷን አውልቃ ስትስቅ ታፏጫለች።

«እዚህ ሰው አገር የሥራ ውሌን ለሁለት ዓመት ላድሰው ወይስ ልመለስ?» ብለሽ ጠይቀሽኛል። «አንቺ እንዳየሽው» ብዬ ልጽፍልሽ ነበር። ግን መጀመሪያ ዛሬ ስቱዲዮ የሆነውን ልንገርሽ።

የዝይዋን የካርቱን ፊልም ታስታውሻለሽ፤ አንቺ የአሮጊቷን ድምፅ ሆነሽ በኛ ቋንቋ የተናገርሽበትን። አንዲት ጎጆ፣ አንዲት አሮጊት፣ በርራ የሄደች ዝይ፤ ሌላ ነገር የለውም። ሥዕሉም ልጅ የሣለው ይመስላል። መጨረሻ ላይ ዝይዋ ስትመለስ አሮጊቷ «ዝይዬ፣ ግቢ» ማለት ነበረባት። አንቺ ግን ልጅሽ ቀዩ መብራት እየበራ የቀረጻ ክፍሉን በር ስትከፍት አየሻትና «ድንቡሼ፣ ግቢ» አልሽ። አለቃችን ልብ አላለውም፤ እኔም ድምፁን ሳስተካክል አልነካሁትም። ዝይዋ የልጃችንን ስም ይዛ ቀረች።

አሁን ፊልሙ በሌላ ሰው ድምፅ ይቀረጽ ተባለ። ዛሬ አዲሷ አንባቢ መጣች። አንዲት ቃል አልሳተችም፣ አንጀት ግን አትበላም። «ዝይዬ፣ ግቢ» ስትል እኔ ዝይዋን ብሆን አልገባም። አለቃችን ጠጋ ብሎ፣

«አንተ ሰውዬ፣ ዓይንህ ምን ሆነ?» አለኝ።

«ማዳመጫው ጠብቆኝ ነው።»

«ማዳመጫ እኮ ጆሮ ነው የሚይዘው!» ብሎ ሳቀብኝ።

የድሮውን ቅጂ ቤት አስቀምጬዋለሁ። በስልክ «ልጅሽ በየቀኑ ታየዋለች» እልሽ የለ? ከተወችው ቆየች። ትናንት ስከፍተው የምትዘልበትን ገመድ አንስታ፣

«አባዬ፣ አሁንም እሱን? እኔ እኮ ትልቅ ልጅ ሆኛለሁ» አለችኝ።

«ታዲያ ማን ሊያየው ነው?»

«አንተ ነሃ!» ብላ ወደ ደጅ ሮጠች።

ብቻዬን ቁጭ ብዬ እስከ መጨረሻው አየሁት። አሮጊቷ ፊልሙን ሙሉ አንድ ቀን እንኳን «ነይ» አትልም። በሩን ገርበብ አድርጋ ዝም ትላለች፤ ዝይዋም በራሷ ጊዜ ትመጣለች። እንደሷ ልሁን ብዬ ይኸው ይህን ሁሉ ጊዜ ዝም አልኩ። አልቻልኩም። ናፍቀሽኛል።

ውሉን አትፈርሚ። ነይ።

ጉልበትሽን ያጽናልኝ፣ መንገድሽን ያቅናልኝ።

ባልሽ