ዳር የቆመው ዲያቆን

ኅዳር 4፣ ሐሙስ። ጠ. 2 ሰ.

ዛሬም ግድግዳ ማንሣት። ከቤቴ ፊት ያለው የድንጋይ አጥር፣ ካሜራው በሦስት እግሩ፣ ሁለቱ ሰፊ ሌንሶች በተራ። አንዱ የኔው አሮጌ። ሌላው የወልዲያው ባልደረባዬ «ሞክረው፣ ካልወደድከው መልስ» ብሎ የላከው። አሮጌው መሀል ላይ ደህና ነው። ዳር ላይ ድንጋዩ ይሟሟል፣ ጥጉ ይጠቁራል፣ ቀጥ ያለው የአጥር ጫፍ ሆዱን ይነፋል። አዲሱ ከጥግ እስከ ጥግ ጥርት። ተናደድኩ፣ ደብተሬ። ይህን ሁሉ ዓመት በምን ስሠራ ኖርኩ?

ሰፊ ሌንስ ለእኔ ቅንጦት አይደለም። ሠርገኛ የማነሣው ከዓለት በተፈለፈለ የቤ/ክ ግቢ ውስጥ ነው፤ ወደኋላ ልሂድ ብትል ጀርባህ ዓለት ነው። ሰው ሁሉ እንዲገባ ሌንሱ ነው መስፋት ያለበት።

ከቀኑ 10 ሰ.

እትዬ አበቡ መጡ። የዲ/ን ምስጋናው እናት። ልጃቸው ባለፈው ወር ሙጃ ገበያ ሲሄድ የተሳፈረበት አይሱዙ ገደል ገባ። ስልኩም መታወቂያውም እዚያው ቀሩ። ተዝካሩ እሁድ ሳምንት ነው፣ የጾሙ ዋዜማ። ድንኳን ውስጥ የሚሰቀል ፎቶ ይፈልጋሉ። ቤት ውስጥ አንድም የለም። በአክስቱ ልጅ ሠርግ የቤ/ክ ጥላ ይዞ ስታነሣው አይቻለሁ አሉኝ። አለ አልኳቸው። ሳላይ፣ እንዲያው ቶሎ ብዬ።

ከሄዱ በኋላ ከፈትኩት። እውነትም አለ። ግራ ዳር፣ የመጨረሻው ሰው። በአሮጌው ሌንስ።

ኅዳር 5፣ ዓርብ

ቆርጬ አሳደግኩት። ፊቱ ወደ ጎን ተለጥጧል። ዓይኑ የት ጋ እንደሚጀምር አይታወቅም። ነጠላው ጠርዝ ላይ ሌንሱ የፈጠረው ሐምራዊ መስመር። ከጎኑ ያሉት አክስቱ በመጠኑ ደህና ናቸው። መሀል ያሉት ሙሽሮች ቅንድባቸው ሳይቀር ይቆጠራል። እነሱ ደግሞ በሕይወት አሉ፣ ስንትና ስንት ፎቶ አላቸው። በሙሽሮቹ ተናደድኩ። ይሄ ምን ይባላል?

ኅዳር 8፣ ሰኞ

አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ታናሽ ወንድሙን ሞላን ጠራሁት። ቁርጥ ምስጋናው ነው፤ አገጩ፣ ጆሮው። ወንድሙ ቆሞበት የነበረው ቦታ ላይ አቆምኩት። ጥላም አስያዝኩት። በአሮጌው አነሣሁ፣ በአዲሱ አነሣሁ፣ ከዚያ መሀል አድርጌ አነሣሁ። አሮጌው ምን ያህል እንደሚለጥጥ ካወቅሁ፣ የተለጠጠውን መልሼ እሰበስባለሁ ብዬ ነው። ሞላ ምንም አልጠየቀም።

ከሰዓት አወዳደርኩ። ጉድ ነው። አዲሱ ሌንስ ፊትን ይብስ ይለጥጣል! ግድግዳውን ቀጥ ለማድረግ ሲል ዳር ያለውን ሰው ይጎትታል። አሮጌው ቀጥ ያለውን ስለሚያጎብጥ ፊትን ትንሽ ይምራል፣ ግን ያደበዝዘዋል። በአጥር ድንጋይ ስፈትን ሰነበትኩ፤ ሰው አቁሜ ያየሁት ገና ዛሬ ነው።

ኅዳር 10፣ ረቡዕ

ሰበሰብኩት። ፊቱ የሰው ፊት ሆነ። ብዥታው ግን አይለቅም፤ መጀመሪያውኑ ያልገባ ነገር ከየት ይመጣል? ስለዚህ ዓይኑን ከሞላ ፎቶ ወሰድኩ። ሽፋሽፍቱንም፣ የአፍንጫውን ጫፍም። መጋጠሚያው በጭራሽ አይታወቅም። ደስ አለኝ፣ አልዋሽህም። ከሠራሁት ሁሉ ይሄ ይበልጣል። አትሜ አስቀመጥኩት።

ኅዳር 12፣ ዓርብ። ሚካኤል።

እትዬ አበቡ ከቤ/ክ ሲመለሱ ገቡ። ፎቶውን ሰጠኋቸው። ሳሙት። ወደ በሩ ብርሃን ወሰዱት፣ ቆዩ። ፊታቸው ተለወጠ። ይሄ የሞላ ዓይን ነው አሉ። መካድ አቃተኝ።

«በሕይወት የቀረልኝንም ልጅ ተዝካር ልታወጣብኝ ነው? ኧረ ምን በደልኩህ?»

መቅደድ ፈሩ፣ መሬት ማስቀመጥም ፈሩ፣ መልሰው እጄ ላይ ጣሉት። እኔ ደግሞ ስለ ሌንስ ላስረዳቸው ጀመርኩ፣ ስለ ዳርና መሀል። አፈርኩ፣ ደብተሬ። አሁንም አፍራለሁ።

ረጋ ሲሉ ዋናውን አሳየኝ አሉ። ሠርገኛው ሁሉ ያለበትን። ጣታቸውን በየፊቱ ላይ እያሳለፉ ግራ ዳር ደረሱ። አገኙት። ያንን ድብዝዝ። እንዲሁ ይታተም አሉ፣ ሳይቆረጥ።

«ከሰው ነጥለህ ለብቻው አታቁምብኝ።»

ኅዳር 14፣ እሁድ

ተዝካር። ፎቶው ድንኳኑ ውስጥ ተሰቀለ። ያ ሠርገኛ ሁሉ መጥቷል፤ መጀመሪያ ራሱን ይፈልጋል፣ ከዚያ እሱን፣ ከዚያ ያለቅሳል። አልቃሿ ስሙን ስትጠራ ሴቶቹ ወደ ግራ ዳር ይዞራሉ። ለማያውቀው ሰው ጥላ የያዘ ነጭ ነገር ነው፣ በቃ። እናቱ እግሩ ሥር ተቀምጠዋል። ሞላ ጠላ ይቀዳል፤ ወደ እኔ አላየም።

ኅዳር 16፣ ማክሰኞ። ጠ. 3 ሰ.

ሞላ መጣ። ታጥቦ፣ ጸጉሩን አበጥሮ፣ የወንድሙን ኮት ለብሶ። ነገ ሙጃ ይሄዳል። ያው መንገድ፣ ያው ጭነት ላይ መሳፈር። ፎቶ አንሣኝ አለ። ለመታወቂያ ነው? አልኩት። አይደለም። መሀል ላይ፣ ጥርት አድርገህ፣ ለብቻዬ አለ። እናቱ እንዳይሰሙ። ፎቶው እኔ ጋ ይቀመጥና፣ ለድንኳን የፈለጉት ቀን እሰጣቸዋለሁ። እንደ ዋዛ ነው የተናገረው።

ልቆጣው አፌን ከፈትኩ። ምን ልበለው? አትሂድ? ምን ሊበላ?

ተራውን፣ ሰፊ ያልሆነውን ሌንስ ሰካሁ። ቀና በል አልኩት፣ ቀና አለ። ጥርት ብሎ ወጣ፣ ሽፋሽፍቱ ሳይቀር። ማየት አልቻልኩም፤ ቶሎ ዘጋሁት።

ልሸኘው ስወጣ ደጅ ላይ ሁለት ጓደኞቹ ቆመዋል። እነሱም ነገ ሙጃ ናቸው። እነሱም ጸጉራቸውን አበጥረዋል። ግቡ፣ ሦስታችሁንም አንድ ላይ ላንሣችሁ ብዬ ሰፊውን ሌንስ አወጣሁ። አዲሱን። ተያዩ። አንድ በአንድ ይሁን አሉኝ።

ሌንሱን መልሼ ከተትኩት። ነገ ወደ ወልዲያ፣ ለባልደረባዬ ይመለሳል።