ሠርግ ሊቀርጹ ጫማ የቀረጹት የአቶ ኦረስት ዱድካ የሕይወት ታሪክ

አቶ ኦረስት ዱድካ ከአባታቸው ከአቶ ኢቫን ዱድካና ከእናታቸው ከወይዘሮ ፓራስካ፣ በካናዳ ማኒቶባ ከዶፊን ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኘው የቤተሰባቸው የስንዴ እርሻ ላይ፣ መጋቢት 3 ቀን 1938 እ.ኤ.አ. ተወለዱ። ስምንተኛ ክፍልን እንደጨረሱ አባታቸው ስለታመሙ ትምህርታቸውን አቋርጠው እርሻውን ያዙ። በኋላም ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በባቡር ሐዲድ ጥገና ሠርተዋል። በ1961 ከወይዘሮ ስቴፋ ጋር ትዳር መሥርተው ላሪሳን ወለዱ። እግዚአብሔር ሌላ ልጅ ስላልሰጣቸው ዓይናቸውም ልባቸውም እሷው ነበረች።

ላሪሳ በ1987 ስትዳር አቶ ኦረስት ዊኒፔግ ድረስ ሄደው ትከሻ ላይ የሚቀመጥ ቪዲዮ ካሜራ ገዙ። «ሠርጉን የምቀርጸው እኔው ነኝ፤ ማንንም እንዳትጠሩ!» ብለው አወጁ። ታናሽ እህታቸው ኔስትያ፣ ማለትም ይህን የምጽፈው እኔ፣ «ኧረ ተው ወንድሜ፣ ባለሙያ ይምጣ» ብላቸው ማን ሊሰማኝ!

በሠርጉ ማግስት ዘመድ ሁሉ ድንች የተሞላ ፒሮሂውን በሰሐን ይዞ ቴሌቪዥኑ ፊት ተኮለኮለ። መጀመሪያ የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ጠጠር ታየ። ቀጥሎ የመኪና ወለል፣ ከዚያ ጫማ።

«አባዬ፣ እኔ የታለሁ?»

«ቆይ፣ አሁን ትመጫለሽ።»

አሁንም ጫማ።

ነገሩ ሲጣራ ከመኪና ሲወርዱ ሳያውቁት የመቅረጫውን ቁልፍ ነክተውት ኖሯል። ስለዚህ ሊቀርጹ ካሜራውን አንስተው ሲጫኑ ያጠፉታል፤ አውርደው ሲጫኑ ይከፍቱታል። ሲቀርጽ የሚበራውን ቀይ መብራት ያየ የለም። ዘመድ በሳቅ ፈረሰ። ላሪሳ ግን ሰሐኗን አስቀምጣ ተነሣች። «አንድ ቀን ብቻ ነበር እኮ፣ አባዬ» ብላቸው ወጣች። ያቺ ቃል ከልባቸው አልወጣችም።

ከዚያ ወዲያ ወንድሜ ሙያውን ካልተማርኩ ብለው ተነሡ። ዶሮ ቀረጹ፣ ጎመን ቀረጹ፣ የጎረቤት ትራክተር ቀረጹ። የተማሩትንም ሐሙስ ሐሙስ በቤተ ክርስቲያናችን ምድር ቤት ለፈለገ ሁሉ በነጻ አስተማሩ። «መጀመሪያ ቀዩን መብራት እይ! ክርንህን ከጎንህ ለጥፍ፤ ግድግዳ ካለ ተደገፍ። ፀሐይዋን ከጀርባህ አድርጋት። ማቅረብ ስትፈልግ የማቅረቢያውን ቁልፍ ተወውና በእግርህ ተጠጋ፤ ያኔ ድምፁም ጥርት ይልልሃል። ዝም ብለህ ያዝና አስር ቁጠር! ምነው ዝንብ እንደሚያባርር ሰው ታወናጭፈዋለህ?» የዶፊን ሰው «አስር ቁጠር» የሚል ስም አወጣላቸው። የስንቱን ልጅ ሠርግ ቀረጹ! የላሪሳ ልጆች ልደት አንድም አላመለጣቸውም። ላሪሳ ታመሰግናቸዋለች፤ የሷን ሠርግ ግን አባትም ልጅም አያነሱትም።

ወይዘሮ ስቴፋ በ2009 ሲያርፉ ላሪሳ የእናቷን ድምፅ መስማት ፈለገች። ካሴቱ ሁሉ አንድ በአንድ ታየ። ጉድ ነው! ስቴፋ ካሜራ ሲያዩ አፋቸውን በእጃቸው ሸፍነው ዝም የሚሉ ሰው ነበሩ። ምስሉ ጥርት ያለ ነው፣ ፀሐይዋም በቦታዋ ናት፤ ስቴፋ ግን ትንፍሽ አይሉም። በመጨረሻ አቶ ኦረስት ድንች የሚቀመጥበት ጓዳ ወርደው፣ ጥዬዋለሁ ይሉን የነበረውን ያንን የሠርግ ካሴት አመጡ።

ካሴቱ ሲከፈት የስቴፋ ነጭ ጫማ ከወንድሜ ጥቁር ጫማ አጠገብ ቆሟል። ያን ጊዜ በሳቃችን ያልሰማነው ድምፅ አሁን ተሰማ።

«ኦረስት፣ እስቲ ያንን ነገር ተወውና በዓይንህ እያት። የኛ ልጅ እኮ ናት! ስታምር!»

«አይቻታለሁ። አታስለቅሺኝ፣ ሰው ያየኛል።»

«ይይህ! ና ይልቅ አስጨፍረኝ።»

ካሜራው ወንበር ላይ ተቀመጠና ነጩና ጥቁሩ ጫማ መጨፈር ጀመሩ። የስቴፋ ሳቅ ሙዚቃውን ዋጠው።

ላሪሳ የአባቷን እጅ ይዛ ተንሰቅስቃ አለቀሰች። «አባዬ፣ እንኳንም ተሳሳትክ» አለቻቸው። ወንድሜ ያን ሁሉ ዘመን የጠበቁት ይህችን ቃል ነበር።

አቶ ኦረስት ባደረባቸው የሳንባ ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ጥቅምት 14 ቀን 2022 በተወለዱ በ84 ዓመታቸው ዐረፉ። በመጨረሻው ቀን ላሪሳ በስልኳ ልትቀርጻቸው ስትል እጇ ቢንቀጠቀጥባት፣ ዓይናቸውን ገለጥ አድርገው «ክርንሽን» አሏት። ከዚያ በኋላ አልተናገሩም።

ልጃቸውን ላሪሳን፣ አማቻቸውን፣ ሁለት የልጅ ልጆቻቸውንና እኔን እህታቸውን ትተው ሄደዋል። ከቀብር መልስ በአዳራሹ አንድ ካሴት ይታያል። ከቀረጹት ሁሉ መርጣ ያመጣችው ላሪሳ ናት፤ የጫማውን ነው።

እግዚአብሔር የወንድሜን ነፍስ ከስቴፋቸው ጎን፣ እንደነዚያ ጫማዎች አጠገብ ለአጠገብ ያሳርፍልን። አሜን።